ሁለት አኃዝ ብቻ፦ የቢቢኤስ ኮድና የቀን ስሕተቶቹ ታሪክ

አይቢኤም እ.ኤ.አ. በኦገስት 1981 ለገበያ ያቀረበው የግል ኮምፒውተር ቀኑን የሚያስታውሰው እስኪጠፋ ድረስ ብቻ ነበር። በባትሪ የሚሠራ የሰዓት ቺፕ ስላልነበረው፣ በተከፈተ ቁጥር ባለቤቱን ዛሬ ቀኑ ስንት ነው ብሎ ይጠይቃል፤ ባለቤቱ መልስ ሳይሰጥ ዝም ብሎ ኢንተር ከተጫነ ጃንዋሪ 1 ቀን 1980 ነው ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። በማሽኑ ደብዳቤ ለሚጽፍ ሰው ይህ ብዙም አያስቸግርም። ሌት ተቀን ስልክ ለሚያነሣ ማሽን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሰው በሌለበት ራሱን እንዲያስነሣ የተዘጋጀ ማሽን ጥያቄውንም ይዘለዋል፤ ሌሊት መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ባለቤቱ በተኛበት፣ እስኪነጋ የተቀበላቸውን መልእክቶች ሁሉ የ1980 ቀን እየለጠፈ ያስቀምጣቸዋል።

እነዚህ ስልክ የሚያነሡ ማሽኖች ቢቢኤስ ይባሉ ነበር። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንድ ሰው በቤቱ ኮምፒውተር፣ ሞደምና የስልክ መስመር ያዘጋጃል፤ ሌሎች እየደወሉ ገብተው መልእክት ያነባሉ፣ መልስ ይጽፋሉ፣ ፋይል ያወርዳሉ፣ ጌም ይጫወታሉ። መስመሩ አንድ ብቻ ከሆነ የገባው እስኪወጣ ሌላው ደጋግሞ እየደወለ ይጠብቃል። የመጀመሪያው ሲቢቢኤስ ነው፤ ዋርድ ክሪስተንሰንና ራንዲ ሱስ በ1978 መጀመሪያ፣ ቺካጎ በበረዶ በተዘጋችበት ሰሞን አስበውት ፌብሩዋሪ 16 ቀን ሥራ አስጀመሩት። ከ16 ዓመት በኋላ ኢንፎወርልድ የተባለው መጽሔት በአሜሪካ ብቻ 60,000 ቢቢኤሶችና 17 ሚሊዮን ተጠቃሚዎች እንዳሉ ገምቶ ነበር።

ሶፍትዌሩን ከጻፉት ብዙዎቹ ቀን ቀን ሌላ ሥራ ወይም ትምህርት የነበራቸው ናቸው። ክሪስተንሰን የአይቢኤም ሠራተኛ ነበር። ዌይን ቤል ደብሊውደብሊውአይቪ የተባለውን ፕሮግራም በ1984 የጀመረው ተማሪ ሳለ በቤዚክ ቋንቋ ነው፤ በኋላ ወደ ፓስካል፣ ከዚያም ወደ ሲ አሸጋገረው። በንግድ ደረጃ ደግሞ በዩታ የክላርክ ዴቨሎፕመንት ፒሲቦርድ፣ በካሊፎርኒያ የሙስታንግ ሶፍትዌር ዋይልድካት ነበሩ። በአጻጻፍም በዋጋም የማይገናኙት እነዚህ ፕሮግራሞች በአንድ ልማድ ግን ይመሳሰሉ ነበር፦ ቀንን በስምንት ፊደል መጻፍ። ወር፣ ጭረት፣ ቀን፣ ጭረት፣ ከዚያም የዓመቱ ሁለት የመጨረሻ አኃዞች።

ምክንያቱ ስንፍና ብቻ አልነበረም። የጥንቶቹ ሞደሞች ፍጥነት 300 ቦድ ነው፤ በሰከንድ 30 ፊደል ገደማ ያስተላልፋሉ። መቶ መልእክቶች የያዘ ዝርዝር ሲታይ በየመስመሩ «19» መጨመር 200 ፊደል ይሆናል፤ ይህም ደዋዩን ሰባት ሰከንድ ያህል ያስጠብቀዋል። ደዋዩ ከሌላ ከተማ ከሆነ ሰከንዱም የሚከፈልበት ነው። በ360 ኪሎባይት ፍሎፒ ዲስክ ላይ የተጠቃሚዎች መዝገብ፣ መልእክትና ፕሮግራም አብሮ ለማስቀመጥ ለሚታገል ሰው ሁለት ባይትም ዋጋ ነበራት።

ይህ ምክንያት ግን ብዙ አልቆየም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሞደሞቹ ከአርባ እጥፍ በላይ ፈጥነው፣ ሃርድ ዲስክም ረክሶ ሳለ ስምንቱ ፊደሎች አልተነቃነቁም። ያቆያቸው የቦታ እጥረት ሳይሆን ስምምነት ነው። ማርክ ሄሪንግ በ1987 ያወጣውን ኪውደብሊውኬ የተባለ የመልእክት አሰናነድ ማየት ይበቃል። ደዋዩ ያልተነበቡ መልእክቶቹን በአንድ ጥቅል ያወርዳል፣ ስልኩን ይዘጋል፣ ቤቱ ሆኖ በነጻ ያነባል፣ መልሱን ጽፎ መልሶ ይደውላል። የእያንዳንዱ መልእክት ራስጌ ልክ 128 ባይት ነው፦ አንድ ለምልክት፣ ሰባት ለመልእክቱ ቁጥር፣ ስምንት ለቀን፣ አምስት ለሰዓት፣ ለተቀባይ፣ ለላኪና ለርእስ ለየአንዳንዱ 25 እያለ ይቀጥላል። ጥቅሉን የሚያዘጋጀው ፕሮግራም የአንድ ሰው፣ የሚያነበው ፕሮግራም የሌላ ሰው ነው፤ ሁለቱ ላይተዋወቁ ይችላሉ። አንዱ ተነሥቶ ቀኑን ወደ አሥር ባይት ቢያሰፋ ሌላው ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ አዛብቶ ያነበዋል።

የጌም ፕሮግራሞችም እንዲሁ ነበሩ። ሌጀንድ ኦቭ ዘ ሬድ ድራገንን የመሰለ ጌም ከቢቢኤሱ ውጭ የቆመ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ነው። ደዋዩ ጌሙን ሲመርጥ ቢቢኤሱ ስለ ሰውየው ማወቅ የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንዲት ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ጽፎ ለጌሙ ያስረክበዋል። ዶርሲስ በሚባለው የፋይል ዓይነት 52 መስመሮች አሉ፤ የሰውየው ምዝገባ የሚያበቃበት ቀንና የትውልድ ቀኑ ከነዚያ ውስጥ ናቸው፤ ሁለቱም በሁለት አኃዝ ዓመት። ፋይሉን የሚያነቡት ጌሞች ደራሲዎቻቸው በየአገሩ የተበተኑ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ሥራውን ከተዉ ቆይተዋል።

ስለዚህ በቢቢኤስ ኮድ ውስጥ ቀን የፕሮግራሙ የብቻ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። ከማያውቁት ሰው ጋር የተገባ ውል ነው። ስሕተት የሚጠግን ሰው የተጻፈውን የማስፋት መብት አልነበረውም፤ ያለው ምርጫ ስፋቱን ሳይነካ አነባበቡን መለወጥ ብቻ ነበር።

በዚያ ላይ ቀኑ በአንድ ቋንቋ ብቻ አይጻፍም። የፒሲው ሥርዓተ ክወና ኤምኤስዶስ (ባጭሩ ዶስ) ለየፋይሉ የሚሰጠው የቀን ምልክት 16 ቢት ነው፦ ሰባት ቢት ለዓመት፣ አራት ለወር፣ አምስት ለቀን፤ ዓመቱም የሚቆጠረው ከ1980 ነው። ዩኒክስና የሲ ቋንቋ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ያለፉትን ሰከንዶች ይቆጥራሉ። ሌሎች ፕሮግራሞች ከአንድ ቀን ተነሥተው ያለፉትን ቀናት ይደምራሉ፤ በ1968 ፍሊገልና ቫን ፍላንደርን በአንድ የኮምፒውተር መጽሔት ያሳተሙት አጭር ቀመር፣ ቀንን ወደ ተራ ቁጥር የሚለውጠው፣ ለዚህ ሥራ በብዛት ተቀድቷል። አንድ መልእክት ከጸሐፊው ተነሥቶ አንባቢው ዘንድ እስኪደርስ ከስምንት ፊደል ወደ ሰከንድ፣ ከሰከንድ ወደ ዶስ ቢት፣ ከዚያም ተመልሶ ወደ ፊደል ሊለወጥ ይችላል። በሲ ቋንቋ ጃንዋሪ ወር ዜሮ ነው፤ በዶስ ደግሞ አንድ ነው። ይህን የዘነጋ ሰው መልእክቱን በአንድ ወር ያስረጀዋል ወይም ያስቀድመዋል። ከመስከረም 1 ተነሥቶ ሴፕቴምበር 11 ነው ወይስ 12 ብሎ የተከራከረ ኢትዮጵያዊ የዚህን ሥራ ባሕርይ ያውቀዋል፤ ቀመሩ ቀላል ነው፣ የሚያስተው ጫፉ ላይ ነው።

ጫፎቹ ደግሞ መቶ ዓመት አይጠብቁም፤ በየሌሊቱም አሉ።

ቢቢኤስ ጊዜ ያድላል። አንድ ደዋይ በቀን 60 ደቂቃ ከተፈቀደለት ፕሮግራሙ የገባበትን ሰዓት መዝግቦ ከአሁኑ ሰዓት ይቀንሰዋል። ቤዚክ ሰዓቱን የሚሰጠው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ባለፉ ሰከንዶች ነው፤ እኩለ ሌሊት ላይ ቆጠራው ወደ ዜሮ ይመለሳል። ደዋዩ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ50፣ በማሽኑ አቆጣጠር 23:50 ላይ ቢገባ ቁጥሩ 85,800 ነው። ከ20 ደቂቃ በኋላ ቁጥሩ 600 ይሆናል። 600 ሲቀነስ 85,800 ከዜሮ በታች 85,200 ሰከንድ፣ ማለትም ከዜሮ በታች 1,420 ደቂቃ ነው። ፕሮግራሙ ይህን ከ60 ሲቀንስ ለደዋዩ 1,480 ደቂቃ ይቀረዋል፤ ከአንድ ሙሉ ቀን የሚበልጥ። አንድ መስመር ብቻ ባለው ቢቢኤስ ይህ ማለት ሌላ ሰው እንዳይገባ በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ጥገናው አንድ መስመር ኮድ ነው፦ ልዩነቱ ከዜሮ በታች ከሆነ 86,400 ጨምርበት። ያን ጊዜ 1,200 ሰከንድ፣ ትክክለኛው 20 ደቂቃ ይወጣል።

የቀኑ መለወጥ ራሱም አስተማማኝ አልነበረም። የፒሲው ባዮስ እኩለ ሌሊት ማለፉን የሚያስታውቀው አንዲት ምልክት በማቆም ነው፤ ሰዓቱን መጀመሪያ የጠየቀ ፕሮግራም ምልክቷን ያጠፋታል። የጠየቀው ዶስ ከሆነ ቀኑን በአንድ ያሳድጋል። ባዮሱን በቀጥታ የጠየቀው ሌላ ፕሮግራም ከሆነ ግን ዶስ ሳይሰማ ይቀርና ማሽኑ ዛሬን ትላንት እያለ ይውላል። በቀደሙት ፒሲዎች ምልክቷ አለች ወይም የለችም እንጂ ስንት ሌሊት እንዳለፈ አትቆጥርም፤ ዶስ ሳይጠየቅ ሁለት እኩለ ሌሊት ካለፈ አንዱ ቀን ጠፍቶ ይቀራል። ሌት ተቀን ለሚሠራ ቢቢኤስ ይህ በሩቅ የሚፈራ ነገር አልነበረም።

የቀናት ድምር በሚይዙት ፕሮግራሞች ደግሞ ችግሩ የመያዣው መጠን ነው። በቤዚክም በፓስካልም የተለመደው ሙሉ ቁጥር 16 ቢት ሲሆን የሚይዘው እስከ 32,767 ብቻ ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1900 ጀምሮ ቀን የሚቆጥር ፕሮግራም 32,768ኛው ቀን ላይ የሚደርሰው ሴፕቴምበር 19 ቀን 1989 ነው። በዚያ ቀን በአሜሪካ የሆስፒታሎች ኮምፒውተሮች በዚሁ ምክንያት ተሰናክለዋል። ለቢቢኤስ ጸሐፊዎች ይህ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ከ1980 የጀመረ ቆጠራ ግን በዚያው መያዣ እስከ 2069 ይደርሳል።

ነገሩን ያወሳሰበው ቢቢኤሶቹ እርስ በርሳቸው መነጋገር ሲጀምሩ ነው። ቶም ጄኒንግስ በ1984 በሳን ፍራንሲስኮ ፊዶ የተባለውን ቢቢኤስ ጽፎ፣ በባልቲሞር ከሚኖረው ጆን ማዲል ጋር በሌሊት፣ የስልክ ዋጋ በሚቀንስበት ሰዓት፣ ማሽኖቹ ራሳቸው ተደዋውለው መልእክት እንዲለዋወጡ አደረገ። ይህ ፊዶኔት ሆነ፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ወደ 40,000 የሚጠጉ ጣቢያዎች ነበሩት። አፍሪካ በዚያን ጊዜ ዞን 5 ነበረች። በአዲስ አበባ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው የልማት መረጃ ሥርዓት፣ ፓዲስ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የፊዶኔት ጣቢያ ነበረው፤ ቴሌኮሙኒኬሽን ኢንተርኔትን በ1997 ለሕዝብ ከመክፈቱ በፊት ከኢትዮጵያ ኢሜይል ከሚወጣባቸው ጥቂት መንገዶች አንዱ ይኸው ነበር። በፊዶኔት ደንብ የመልእክቱ ቀን 20 ባይት ነው፦ ሁለት አኃዝ ለቀን፣ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደል ለወር፣ ሁለት አኃዝ ለዓመት፣ ከዚያ ሰዓት፣ ደቂቃና ሰከንድ፣ በመጨረሻም ማብቂያውን የሚያሳይ አንድ ዜሮ ባይት። ወሮቹ አሥራ ሁለት ናቸው፤ ለጳጉሜን ቦታ አልተተወም።

የፊዶኔት ጣቢያዎች ማውጫ በየሳምንቱ ዓርብ በሚውልበት ቀን ይወጣል፤ የፋይሉ ስም ቅጥያ ቀኑ ከዓመቱ መጀመሪያ ስንተኛ እንደሆነ የሚያሳይ ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ነው። ዲሴምበር 31 ቀን 1999 ዓርብ ነበር፤ የማውጫው ቅጥያ 365 ነው። የሚቀጥለው ዓርብ ጃንዋሪ 7 ቅጥያው 007 ይሆናል። ቁጥሩ የሚበልጠውን አዲስ ነው ብሎ የሚወስድ ፕሮግራም ያረጀውን ማውጫ ይዞ ይቀራል። ለዚህ ሚሌኒየም አያስፈልገውም፤ በየዓመቱ በጃንዋሪ የሚመጣ ነው።

የ2000 መግቢያ ያመጣው ስሕተት ግን የራሱ መልክ ነበረው። ዕለቱ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ዓ.ም. ነው፤ በሌላ ዓመት ጃንዋሪ 1 ታኅሣሥ 23 ላይ ይውላል፣ 1991 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ስለነበረች ግን በአንድ ቀን ፈቀቅ አለ። በሲ ቋንቋ የቀን አሠራር ዓመት የሚሰጠው ከ1900 ወዲህ ባለፉት ዓመታት ብዛት ነው። በ1987 ዓመቱን የጠየቀ ፕሮግራም 87 የሚል መልስ ስለሚያገኝ ብዙ ሰው የዓመቱ ሁለት የመጨረሻ አኃዞች መሰሉት። በ2000 ግን መልሱ 00 ሳይሆን 100 ነው። ፊቱ «19» ለጥፎ የሚጽፍ ፕሮግራም 19100 ብሎ ያወጣል። ይህ በትንንሽ ኮምፒውተሮች ብቻ የደረሰ አይደለም፤ የአሜሪካን ይፋ ሰዓት የሚጠብቀው የባሕር ኃይል የሥነ ፈለክ ተቋም ድረ ገጽ ሳይቀር በዚያ ቀን ዓመቱን 19100 ብሎ አሳይቶ ነበር።

አኃዞቹን አንድ በአንድ እየፈጠረ የሚጽፍ ኮድ ደግሞ ሌላ መልክ ያወጣል። ፕሮግራሙ ዓመቱን ለአሥር አካፍሎ ውጤቱን በዜሮ ፊደል ኮድ ላይ ይደምራል፤ ለ99 ዘጠኝ ይወጣል። ለ100 ግን አሥር ይደመራል፣ በአስኪ ሰንጠረዥ ከ9 ቀጥሎ ያለው ደግሞ ሁለት ነጥብ ነው። ውጤቱ 01-01-:0 ሆኖ ይነበባል። ይህ አስቂኝ ቢመስልም ስምንት ፊደሉን አላለፈም፤ ለሌላው ፕሮግራም የሚተርፈው ጉዳት ያነሰ ነው።

የከፋው በፊዶኔት ፓኬት፣ መልእክቶቹ ተጠቃለው በሚላኩበት ፋይል፣ ውስጥ የሚሆነው ነው። የቀኑ ጽሑፍ 19 ፊደልና አንድ ዜሮ ባይት ሆኖ 20 ይሞላል። ዓመቱ 100 ሆኖ ከተጻፈ ጽሑፉ 20 ፊደል ይሆናል፤ ማብቂያው ዜሮ 21ኛው ቦታ ላይ ይወድቃል። ተቀባዩ ፕሮግራም ለቀን 20 ባይት ቆጥሮ ካነበበ በኋላ የተቀባዩን ስም ዜሮ እስኪያገኝ ድረስ ያነባል፤ የመጀመሪያው ባይት ዜሮ ስለሆነ ስሙ ባዶ ነው ብሎ ያልፋል። ከዚያ የተቀባዩን ስም የላኪ ስም አድርጎ ይወስዳል፣ የላኪውን ስም ርእስ ያደርገዋል፣ ርእሱን ደግሞ የመልእክቱ አካል ያደርገዋል። ቀጥሎ አዲስ መልእክት መጀመሩን የሚያሳየውን ምልክት ሲፈልግ የሰውየውን ጽሑፍ መሐል ያገኛል፤ ስለዚህ ፓኬቱን በሙሉ የተበላሸ ብሎ ይጥለዋል። በአንድ አኃዝ ምክንያት፣ በዚያው ፓኬት የተከተሉት የሌሎች ሰዎች መልእክቶችም አብረው ይቀራሉ።

ሌሎቹ ስሕተቶች ድምፅ አልነበራቸውም። ምዝገባው የሚያበቃበትን ቀን እንደ ጽሑፍ የሚያወዳድር ኮድ 00 ከ99 ያንሳል ብሎ ስለሚያምን፣ ለ2000 የከፈለውን ደንበኛ ጊዜው አልፎበታል ብሎ ያሰናብተዋል። በየሌሊቱ የሚሠራው የጽዳት ፕሮግራም ለዘጠና ቀን ያልደወለን ሰው ከመዝገብ ይሰርዛል፣ ያረጁ መልእክቶችንም ያጠፋል። በስሌቱ ውስጥ ምልክቱ የተገለበጠ ቁጥር ከገባ ትላንት የደወለው ሰው ከመቶ ዓመት በፊት እንደጠፋ ይቆጠራል። ሲስኦፕ የሚባለው የቢቢኤሱ ባለቤት ጠዋት ሲነሣ ማሽኑ እየሠራ ነው፣ ምንም የስሕተት ጽሑፍ የለም፤ የጎደለው ተጠቃሚው ነው።

ጠጋኞቹ የነበራቸው አቅም እንደ ፕሮግራሙ ይለያያል። ደብሊውደብሊውአይቪን ገንዘብ ከፍሎ የተመዘገበ ሰው ምንጭ ኮዱን ይቀበል ስለነበር በየከተማው የራሱን ለውጥ የሚያስገባ ሲስኦፕ ነበር። የመጀመሪያና የመጨረሻ ጥሪ ቀን በተጠቃሚው መዝገብ ውስጥ በስምንት ፊደል እንደተቀመጠ ያውቃል፤ ቀኑን የሚያወዳድሩትን ቦታዎች ፈልጎ ማስተካከል ይችላል። የፒሲቦርድ ባለቤቶች ዕድል የተለየ ነው። ክላርክ ዴቨሎፕመንት በ1997 ሲዘጋ የከፈሉበት ፕሮግራም በእጃቸው ቀረ፤ ምንጭ ኮዱ ግን የላቸውም። ብዙ ደራሲዎችም ቢቢኤስ በኢንተርኔት እየተተካ መሆኑን አይተው ወደ ሌላ ሥራ ሄደዋል።

ምንጭ ኮድ ለሌለው የቀረው ሄክስ ኤዲተር ነው፦ የተጠናቀቀውን ፕሮግራም ባይት በባይት ከፍቶ መለወጥ። አቋራጩ መንገድ በፕሮግራሙ ውስጥ የተቀበረውን «19» ፈልጎ በ«20» መተካት ነው። ርዝመቱ እኩል ስለሆነ ሌላው ነገር አይናጋም። ጉድለቱ ወዲያው ይታያል፤ በ1999 የተጻፈ መልእክት 2099 ሆኖ ይወጣል፣ በጊዜ ቅደም ተከተልም ከሁሉ በኋላ ይቆማል።

የተሻለው ዘዴ ወሰን ማበጀት ነበር። ሁለቱ አኃዞች ከ80 ካነሱ 2000 ደምር፣ 80ና ከዚያ በላይ ከሆኑ 1900 ደምር። ለምን 80? ዶስ ከ1980 በፊት ያለ ቀን አያውቅም፤ ፊዶኔትም ከ1984 በፊት አልነበረም። በዚያ መረብ በ1979 መልእክት የጻፈ ሰው ሊኖር አይችልም። መዝገቡ ሳይነካ፣ ስምንቱ ፊደሎችና ሃያው ባይት እንዳሉ ሆነው፣ ትርጉማቸው እስከ 2079 ተራዘመ። ያልተጠገነ ፕሮግራም ከተጠገነው ጋር መልእክት መለዋወጡን ይቀጥላል። የሌላ ሰው ፈቃድ የማያስፈልገው ጥገና ይህ ብቻ ነበር።

ግን ለመልእክት የሠራው ወሰን ለትውልድ ቀን አይሠራም። ቢቢኤሶች የትውልድ ቀን ይጠይቁ ነበር፤ ዕድሜ ለማጣራትም፣ የይለፍ ቃል የሰረቀን ሰው ለመለየትም። በ80 ወሰን በ1979 የተወለደ ሰው 2079 ላይ ይወለዳል። በ1925 የተወለደ አዛውንት 2025 ይሆንበታል፤ በ2000 ዕድሜው ከዜሮ በታች 25 ነው። ዕድሜን ምልክት በሌለው አንድ ባይት የሚይዝ ፕሮግራም ደግሞ 231 ዓመት ነው ይለዋል። በ2000 ለአቅመ አዳም የደረሰው ተጠቃሚ በሙሉ ማለት ይቻላል በዚህ ወሰን ገና ያልተወለደ ነው። ስለዚህ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ለጽሑፍ ቀን አንድ፣ ለልደት ሌላ ደንብ ማስገባት ግድ ሆነ፤ ለልደት የሚሻለው ወደፊት የሚውል ማንኛውንም ቀን ወደ ኋላ መቶ ዓመት መመለስ ነው።

ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2000ም የራሱ ወጥመድ ነበር። በግሪጎርዮስ አቆጣጠር ለአራት የሚካፈል ዓመት 366 ቀን አለው፤ ለመቶ የሚካፈል ግን የለውም፤ ለ400 የሚካፈል እንደገና አለው። ደንቡን በግማሽ የሚያውቀው ፕሮግራመር 2000ን ለመቶ ስለሚካፈል 365 ቀን ብቻ ሰጠው፤ የመቶውን ደንብ ጭራሽ ያልሰማው ትክክል ወጣ። የኢትዮጵያ አቆጣጠር ያለ ልዩነት በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት ያደርጋል፤ የሁለቱ ልዩነት ከ1900 ወዲህ ያልተለወጠውም 2000 በመደበኛው አራት ዓመት ስለሄደ ነው። በ2100 ግን ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ ዕንቁጣጣሽ በሴፕቴምበር 12 ወይም 13 ይውላል፤ በ11 ላይ የታሰረ የመለወጫ ኮድ ሁሉ ያን ጊዜ ይስታል።

ሥራው በ2000 አላበቃም። ሴፕቴምበር 9 ቀን 2001 የዩኒክስ ሰከንድ አንድ ቢሊዮን ሞላ፤ ሰከንዱን እንደ ጽሑፍ ለሚያሰልፍ ፕሮግራም ባለ አሥር አኃዙ 1000000000 ከባለ ዘጠኙ 999999999 በፊት ይመጣል። አዲሱ መልእክት ከአሮጌዎቹ ሁሉ በፊት ይሰለፋል።

በዚያው ዘመን አሮጌው ኮድ መከፈት ጀመረ። ማክሲመስ የተባለው የቢቢኤስ ፕሮግራም በ2002 በነጻ ፈቃድ ተለቀቀ፤ ከ1991 ጀምሮ የሚጻፈው ሲንክሮኔትም፣ ደብሊውደብሊውአይቪም ዛሬ ክፍት ኮድ ናቸው። ከዶስ ወደ 64 ቢት ሊኑክስ ሲሸጋገሩ የተነሣው ችግር የቀደመውን የገለበጠ ነው። በዶስ ረጅሙ ሙሉ ቁጥር አራት ባይት ነበር፤ በአዲሱ ማሽን ስምንት ነው። ኮዱ ሳይነካ እንዳለ ከተጠናቀረ የቀኑ ቦታ በራሱ ይሰፋል፤ በ1993 የተጻፈ የተጠቃሚ መዝገብ ሲነበብ ከቀኑ በኋላ ያለው ሁሉ አራት ባይት ይሸሻል። መፍትሔው ቀኑ ሁልጊዜ 32 ቢት ይሁን ብሎ በግልጽ መወሰን ነው፤ በሲንክሮኔትም በደብሊውደብሊውአይቪም ኮድ ለዚህ የተለየ የቁጥር ዓይነት ተበጅቷል።

ይህ ውሳኔ የራሱ ቀነ ገደብ አለው። ምልክት ያለው 32 ቢት እስከ 2,147,483,647 ሰከንድ ይቆጥራል፤ ይህም ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ያበቃል። በኢትዮጵያ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ነው፤ የጥምቀት ዕለት፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ። ከዚያ በኋላ ያለው ሰከንድ ዲሴምበር 13 ቀን 1901 ሆኖ ይነበባል። ጠጋኞቹ የሚያደርጉት በ1999 የተደረገውን ነው፦ አራቱን ባይት ሳያሰፉ ከዜሮ በታች የሚያሳየውን ቢት ለቆጠራ ማዋል። ከ1970 በፊት የተጻፈ የቢቢኤስ መልእክት ስለሌለ የሚጠፋ ነገር የለም፤ ቆጠራው እስከ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2106 ይዘልቃል። የዶስ ሰባት ቢት ዓመት እስከ 2107 ይሄዳል። ፊዶኔት ዛሬም በኢንተርኔት ላይ ይሠራል፣ የቀኑ ቦታም ያው 20 ባይት ነው፤ በ80 ወሰን የሚያነቡት ፕሮግራሞች እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2079 ያገለግላሉ።